ተማሪው የመረጠውና ትምህርቱ የጠየቀው፦ በአንድ የአናቶሚ ክፍል የታየ የመማር ስልት ጉዳይ

በአሜሪካው ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚወስዱት የሰው አናቶሚ ኮርስ ወደ ነርሲንግና ወደ ሌሎች የጤና ሙያዎች ለመግባት ለሚያስቡ ብዙዎች የማይቀር መንገድ ነው። ትምህርቱ ሰፊ ነው። የአጥንቱ፣ የጡንቻው፣ የነርቩና የደም ሥሩ ስም ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ሲሆን፣ ከስሙ ባሻገር የቱ ከየቱ ሥር እንደሚገኝ፣ ምን ከምን ጋር እንደሚያያዝ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደግሞ ምን እንደሚመስል ማወቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ባለ ኮርስ ውስጥ «እንዴት ባጠና ይሻለኛል?» የሚለው ጥያቄ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ተማሪዎች ዘንድ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው መልስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ የመማር ስልትህን እወቅ፤ በዚያው አጥና።

ምክሩ ሲሰሙት ደስ ይላል። ሰው ከሰው ስለሚለያይ አንዱ በማየት፣ ሌላው በመስማት፣ ሌላው እየጻፈ፣ ሌላው ደግሞ በእጁ እየነካ ይማራል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ እንደ ተፈጥሮው ቢያጠና፣ መምህሩም በዚያው መንገድ ቢያስተምረው ውጤቱ ይሻሻላል የሚል ነው። በዚህ አባባል ውስጥ ግን ሁለት የተለያዩ ሐሳቦች ተጣብቀው ይገኛሉ። አንደኛው ሰዎች የተለያየ ምርጫ አላቸው የሚለው ሲሆን፣ ይህን የሚክድ የለም። ሁለተኛው ትምህርቱ ከምርጫቸው ጋር ሲገጥም የበለጠ ይማራሉ የሚለው ነው፤ ማስረጃ የሚጠየቀውም ለዚህኛው ነው። የመጀመሪያው እውነት መሆኑ ሁለተኛውን እውነት አያደርገውም፤ በዚህ ርዕስ ላይ የሚነሳው ክርክር ብዙ ጊዜ መቋጫ የሚያጣው ሁለቱ ሳይለዩ ስለሚቀርቡ ነው።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ አናቶሚን የሚያስተምሩት ፖሊ ሁስማንና ቫሌሪ ኦሎክሊን ይህን ምክር በገዛ ተማሪዎቻቸው ላይ ፈተሹት። ውጤቱ በ2018 በኢንተርኔት፣ በ2019 ደግሞ በአናቶሚ ትምህርት ላይ በሚያተኩር ሙያዊ መጽሔት ታትሞ ወጥቷል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በመማር ስልት ዙሪያ ከተሠሩት በርካታ ጥናቶች መካከል ይህን ለጉዳይ ጥናት የመረጥኩት በሙከራ ክፍል ውስጥ ያልተወሰነ በመሆኑ ነው። ተመራማሪዎቹ የተመለከቱት ተማሪው ከክፍል ወጥቶ፣ መምህር በሌለበት፣ ለእውነተኛ ፈተናና ለእውነተኛ ውጤት ሲል ብቻውን ሲያጠና የሚያደርገውን ነው። ምክሩ ይሠራል የሚባለውም በትክክል እዚያ ቦታ ላይ ነው።

መጠይቁ

ተማሪዎቹ የሞሉት ቫርክ የተባለውን መጠይቅ ነው። ያዘጋጁት ኒል ፍሌሚንግ በኒውዚላንድ ለዓመታት የትምህርት ኢንስፔክተር ሆነው ሲሠሩ በብዙ ክፍሎች ተገኝተው የማስተማርን ሥራ ተመልክተዋል። ግራ ያጋባቸው ነገር፣ እጅግ ጎበዝ የሚባሉ መምህራን የማይደርሱላቸው ተማሪዎች መኖራቸው፣ ደካማ የሚባሉት ደግሞ አንዳንድ ጊዜ እነዚያኑ ተማሪዎች ማግኘታቸው ነበር። ኋላም በሊንከን ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ከኮሊን ሚልስ ጋር በ1992 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሰዎች መረጃ ለመቀበልና ለማስተላለፍ የሚመርጡባቸውን መንገዶች በአራት ከፈሉ፦ በማየት፣ በመስማት፣ በማንበብና በመጻፍ፣ እንዲሁም በተግባር።

መጠይቁ አሁን በሚሠራበት ቅጂ 16 ጥያቄዎች አሉት። ጥያቄዎቹ ስለ ትምህርት ብቻ የሚጠይቁ አይደሉም፤ መንገድ ለጠፋበት ሰው እንዴት አድርጎ ማስረዳት እንደሚቀና፣ አዲስ ዕቃ ሲገዛ ውሳኔው በምን ላይ እንደሚመሠረት፣ ያልለመዱትን መሣሪያ ለመልመድ ከየት እንደሚጀመር የሚያነሱ የዕለት ተዕለት ሁኔታዎች ናቸው። መላሹ ለአንድ ጥያቄ ከአንድ በላይ መልስ መምረጥ ስለሚፈቀድለት፣ ብዙ ሰው ሞልቶ ሲጨርስ የሚደርሰው ውጤት አንድ ስልት ብቻ ሳይሆን የሁለት፣ የሦስት ወይም የአራቱም ቅይጥ ነው። ውጤቱን ተከትሎም ለየስልቱ ይስማማሉ የተባሉ የጥናት ዘዴዎች ዝርዝር ይቀርብለታል።

ስለ መጠይቁ ሲወራ ሁለት ነገሮች በተደጋጋሚ ይዘለላሉ። የመጀመሪያው፣ ፍሌሚንግ «በማየት» ሲሉ ሥዕላዊ መግለጫን፣ ካርታን፣ ሰንጠረዥንና በቀስትና በክብ የተያያዘ ንድፍን ማለታቸው እንጂ ፎቶግራፍንና ፊልምን አለመጨመራቸው ነው። የእውነተኛ ነገር ፎቶግራፍ ወይም ቪዲዮ በእሳቸው አከፋፈል ከተግባር ጎራ ይመደባል። ስለዚህ «እኔ በማየት የምማር ነኝ» እያለ ቪዲዮ የሚያሳድድ ተማሪ መጠይቁ ያላለውን እያደረገ ነው። ሁለተኛውና ዋናው፣ መጠይቁ የሚነግረን ሰው ምን እንደሚመርጥ እንጂ በምን ጎበዝ እንደሆነ አለመሆኑ ነው። ፍሌሚንግ ራሳቸው መሣሪያውን ተማሪ ስለ አጠናኑ ቆም ብሎ እንዲያስብ የሚያነሳሳ የውይይት መጀመሪያ አድርገው ነበር ያቀረቡት። ተማሪን በአራት መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጥ የምርመራ ውጤት ያደረገው የኋላው አጠቃቀም ነው።

የተሠራውና የተገኘው

አሠራሩ ቀላል ነበር። ተማሪዎቹ በኢንተርኔት መጠይቁን ሞሉ፤ ስልታቸውንም አወቁ። ኮርሱ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ከክፍል ውጭ በምን በምን ዘዴ እንደሚያጠኑ የሚጠይቅ ሌላ ቅጽ ተሰጣቸው። ከዚያ ተመራማሪዎቹ ከ400 በላይ ከሚሆኑ ተማሪዎች ባገኙት መረጃ ሦስት ነገሮችን አመሳከሩ፦ ተማሪው የተነገረውን ስልት፣ በተግባር ያጠናበትን ዘዴና በኮርሱ ያገኘውን ውጤት።

የመጀመሪያው ግኝት ስልቱን በሚደግፉትም በሚነቅፉትም ዘንድ የተጠበቀ አልነበረም። 67 በመቶ የሚሆኑት ተማሪዎች ያጠኑበት ዘዴ ስልታቸው ከተባለው የተለየ ነበር። ስልታቸው ተነግሯቸዋል፣ የሚስማማቸው ዘዴ ተዘርዝሮላቸዋል፤ ሲያጠኑ ግን ወደ ለመዱት ተመልሰዋል። ይህ በተማሪዎቹ ላይ የሚያስወቅስ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ሰው ከ12 ዓመት በላይ የተገነባ የጥናት ልማድ ይዞ የመጣ ነው፤ የአንድ መጠይቅ ውጤት ይህን ልማድ ያነቃንቀዋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ነገር ግን ግኝቱ ለምክር ሰጪዎች ክብደት አለው። ተማሪን ስለ ማንነቱ መንገርና አጠናኑን ማስለወጥ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ያሳያልና።

ሁለተኛው ግኝት የጉዳዩ እምብርት ነው። በስልታቸው መሠረት ያጠኑት አናሳዎቹ ተማሪዎች፣ ከስልታቸው ውጭ ካጠኑት የተሻለ ውጤት አላመጡም። የአንድ ተማሪ ውጤት በአራቱ ምድቦች ካገኘው ነጥብ ጋርም ተዛምዶ አልነበረውም። በማየት የሚማረው፣ በመስማት ከሚማረው አልበለጠም፤ አላነሰምም።

ሦስተኛው ግኝት ላይ ግን ዝም ያለው መረጃ መናገር ይጀምራል። የተማሪው ስልት ምንም ይሁን ምን፣ አንዳንድ የጥናት ዘዴዎች ከጥሩ ውጤት ጋር ተያይዘው ተገኙ። ከነዚህ መካከል የመምህሩን የሌክቸር ማስታወሻ ማንበብና በኮምፒውተር ላይ በሚከፈተው ቨርቹዋል ማይክሮስኮፕ መለማመድ ይገኙበታል። በተቃራኒው ፍላሽ ካርድ (የጥያቄና መልስ ካርድ) መጠቀም ከዝቅተኛ ውጤት ጋር ተያይዞ ታየ። እንግዲህ በዚህ ክፍል ውስጥ ልዩነት ያመጣ ነገር ነበረ፤ ልዩነቱ ግን የተሰለፈው ከተማሪው ምርጫ ጋር ሳይሆን ከሥራው ጋር ነው።

በማይክሮስኮፑ ሥር

ማይክሮስኮፑ ለምን? ይህን ለመረዳት አናቶሚ ከተማሪው ምን እንደሚጠይቅ በአንድ ምሳሌ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የሰውነትን ውስጣዊና ውጫዊ ገጽ የሚሸፍነው ኤፒተሊያል የተባለው ህብረ ህዋስ ብዙ ዓይነት ነው። ከነዚህ አንዱ ጉሮሮን ከውስጥ የሚሸፍነው ሲሆን በብዙ ንብርብር የተደራረበ ነው፤ ከላይኛው ንብርብር ያሉት ህዋሶቹም ጠፍጣፋ ናቸው። ሌላው የሽንት ፊኛን ከውስጥ የሚሸፍነው ነው፤ እሱም የተደራረበ ነው፤ ፊኛው ባዶ ሲሆን የላይኞቹ ህዋሶች ወደ ላይ ጉልላት መስለው ያበጡ ሆነው ይታያሉ። መጽሐፉ ላይ የተጻፈው ይኸው ነው፤ ለማስታወስም አያስቸግርም። ይህን ትርጉም አንዱ በድምፅ ቀርጾ ሊያዳምጠው፣ ሌላው ደጋግሞ ሊጽፈው፣ ሌላው በባለቀለም ንድፍ ሊሥለው ይችላል፤ ሦስቱም ትርጉሙን ያውቁታል።

ፈተናው ላይ የሚመጣው ግን ትርጉሙ ሳይሆን ምስሉ ነው። ፊኛው በሽንት ተሞልቶ በተወጠረበት ጊዜ የተወሰደ ናሙና ከሆነ ደግሞ እነዚያ ጉልላት የሚመስሉት ህዋሶች ይለጠጣሉ፤ የንብርብሩም ብዛት ያነሰ ይመስላል። አሁን የፊኛው ህብረ ህዋስ የጉሮሮውን መስሎ ይታያል። «ጉልላት ካየህ ፊኛ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በቃሉ የያዘ ተማሪ ጉልላት ሲያጣ በልበ ሙሉነት ይሳሳታል። ይህን ስህተት የሚያርመው ብዙ ናሙና ማየት ነው፦ የተወጠረውንና ያልተወጠረውን፣ ቀጥ ብሎ የተቆረጠውንና አግድም የተቆረጠውን፣ ቀለሙ የደመቀውንና የፈዘዘውን። ማየት ብቻም አይበቃም፤ ስሙን ከማንበብ በፊት ምን እንደሆነ መወሰን፣ ከዚያም ልክ መሆንን ወይም መሳሳትን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ይህን ሥራ «በመስማት የሚማር» የተባለው ተማሪ በመስማት ሊተካው አይችልም። ሊተካው የማይችለው ጆሮው ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን፣ የሚፈለገው ችሎታ ምስልን ከምስል መለየት ስለሆነ ነው። በተመሳሳይ መንገድ የልብ ድምፅ ልዩነቶችን መለየት የሚማር ሰው፣ «በማየት የምማር ነኝ» ቢልም እንኳ፣ ማዳመጥ ግድ ይለዋል። መምህር «ይህ ተማሪ በምን ይማራል?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ይህ ይዘት ምን ይጠይቃል?» ብሎ መጠየቅ አለበት የምለው ለዚህ ነው። ይዘት የራሱ ጠባይ አለው፤ እሱም በክፍሉ ላለው ተማሪ ሁሉ አንድ ነው።

ፍላሽ ካርዱ ለምን አልበጀም?

ይህ ግኝት ጥናቱን ያነበበ መምህር ሁሉ የሚያቆመው ቦታ ነው፤ እኔም በቸልታ ማለፍ አልፈልግም። ፍላሽ ካርድ ጥያቄው በአንድ በኩል፣ መልሱ በሌላ በኩል የተጻፈበት ካርድ ነው፤ ተማሪው መልሱን ሳያይ ከራሱ አውጥቶ እንዲናገር ያስገድዳል። ያጠኑትን እንዲህ ጽሑፉን ሳያዩ ከአእምሮ ለማውጣት መሞከር ጠቃሚ መሆኑ ደግሞ በትምህርት ሥነ ልቦና ውስጥ ጠንካራ ማስረጃ ካላቸው ነገሮች አንዱ ነው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ በ2006 ባወጡት ሙከራ፣ አንደኛው የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው በአንዱ ካነበበ በኋላ በሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት 83 በመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 71 በመቶ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፦ ያነበቡት 40 በመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ።

ታዲያ በአናቶሚው ክፍል ካርዱ ከዝቅተኛ ውጤት ጋር ለምን ተያያዘ? ሁለት ማብራሪያዎች ይታዩኛል፤ ሁለቱም አንድ ላይ ሊሠሩ ይችላሉ። አንደኛው የምክንያትና የውጤት ቦታ መለዋወጥ ነው፦ ትምህርቱ ያልገባው፣ ፈተናው የቀረበበት ተማሪ ወደ ካርድ ይሮጣል፤ ካርዱ ደካማ አያደርገውም፣ ድክመቱ ግን ወደ ካርድ ይወስደዋል። ሁለተኛው ካርዱ በምን ላይ እንደዋለ የሚመለከት ነው። በካርድ ላይ የሚመቸው ስምና ትርጉም ነው፤ ፈተናው የሚጠይቀው የአቀማመጥ ዝምድናና የምስል መለየት ከሆነ፣ ተማሪው ራሱን በትጋት የፈተነው በሌላ ጥያቄ ላይ ነው ማለት ነው። የናሙና ምስል በአንድ በኩል የተለጠፈበት ካርድ ምናልባት የተለየ ታሪክ ይኖረው ነበር። በማንኛውም መልኩ ከዚህ ግኝት ተነስቶ ካርድን መከልከል ስህተት ይመስለኛል።

ጉዳዩ የማይሸከመው

ይህ የአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የአንድ ኮርስ ጉዳይ ነው። ተማሪዎቹ እንዴት እንዳጠኑ የታወቀው ከራሳቸው መልስ ነው፤ ሰው ስለ አጠናኑ የሚሰጠው ምስክርነት ደግሞ ሁልጊዜ ከሠራው ጋር አይገጥምም። ከሁሉ በላይ፣ ማንም ተማሪ በዕጣ ተመድቦ በተወሰነ ዘዴ እንዲያጠና አልተደረገም። ስለዚህ የተገኘው ተዛምዶ ነው፤ «ማይክሮስኮፑ ውጤቱን አሻሻለ» ለማለት አያደፍርም። ትጉህ ተማሪ ማይክሮስኮፑንም ይከፍታል፣ ጥሩ ውጤትም ያመጣል፤ ሁለቱንም የሚያስከትለው ትጋቱ ሊሆን ይችላል።

የስልት ንድፈ ሐሳብን በአግባቡ ለመፈተን ምን እንደሚያስፈልግ ሃሮልድ ፓሽለር፣ ማርክ ማክዳንኤል፣ ዳግ ሮረርና ሮበርት ብዮርክ በ2008 ባቀረቡት ግምገማ በግልጽ አስቀምጠዋል። መጀመሪያ ተማሪዎች በስልታቸው ይለያሉ። ከዚያ የየስልቱ ተማሪዎች በዕጣ ይከፈሉና ገሚሶቹ በአንደኛው መንገድ፣ ገሚሶቹ በሌላው ይማራሉ። በመጨረሻ ሁሉም አንድ ዓይነት ፈተና ይወስዳሉ። ንድፈ ሐሳቡ ትክክል ከሆነ ለአንዱ ቡድን የበጀው መንገድ ለሌላው ሳይበጅ መቅረት አለበት። ሁሉም ቡድኖች በአንድ መንገድ የተሻለ ከተማሩ፣ የተገኘው ጥሩ የማስተማሪያ መንገድ እንጂ የስልት ማስረጃ አይደለም። ገምጋሚዎቹ ይህን መስፈርት ያሟሉ ጥናቶች በጣም ጥቂት መሆናቸውን፣ ካሟሉት ውስጥም በርካቶቹ ንድፈ ሐሳቡን የሚቃረን ውጤት እንዳስገኙ ደምድመዋል።

በኋላም ቤዝ ሮጎውስኪና ባልደረቦቿ በ2015 ባወጡት ሙከራ፣ በማዳመጥና በማንበብ ምርጫቸው የተለዩ ጎልማሶች በዕጣ ተመድበው አንድን መጽሐፍ ከፊሎቹ በድምፅ፣ ከፊሎቹ በጽሑፍ እንዲከታተሉ ተደረገ። ወዲያውም ሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና፣ ከምርጫቸው ጋር በሚገጥመው መንገድ መማራቸው የግንዛቤ ብልጫ አልሰጣቸውም። የአናቶሚው ክፍል ብቻውን ሊሸከም ያልቻለውን መደምደሚያ እንዲህ ያሉት ሙከራዎች ይደግፉታል፤ እነሱ ደግሞ በተራቸው የጎደላቸውን፣ ማለትም ተማሪው በገዛ ቤቱ የሚያደርገውን፣ የአናቶሚው ክፍል ያሟላል።

እምነቱ ለምን ጸና?

ማስረጃው ይህን ያህል ቀጭን ሆኖ ሳለ እምነቱ ግን ሰፊ ነው። ፊሊፕ ኒውተንና አትሃርቫ ሳልቪ በ2020 ባወጡት የጥናቶች ግምገማ፣ ከ18 አገሮች የተውጣጡ ከ15,000 በላይ የትምህርት ባለሙያዎችን መልስ አጠቃለው፣ 89.1 በመቶው ትምህርትን ከመማር ስልት ጋር ማጣጣም ይጠቅማል ብለው እንደሚያምኑ አሳይተዋል። ስልት የሚባለው ነገር አንድ ወጥ እንኳ አይደለም፤ ፍራንክ ኮፊልድና ባልደረቦቻቸው በ2004 ባካሄዱት ግምገማ 71 የተለያዩ የመማር ስልት ሞዴሎችን ቆጥረዋል። አንድ ተማሪ በአንዱ ሞዴል «በማየት የሚማር»፣ በሌላው «አሰላሳይ»፣ በሌላው ደግሞ ሌላ ሊባል ይችላል፤ ከነዚህ ስሞች መካከል የቱን ይዞ ወደ መማሪያ ክፍል እንደሚገባ የሚነግረው የለም።

መምህራን ሞኞች ስለሆኑ አይደለም የሚያምኑት። እምነቱን የሚመግብ እውነተኛ ስሜት አለ። አቢ ኖልና ባልደረቦቿ በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች ሥዕሎችንና ቃላትን እንዲያጠኑና ምን ያህል እንደሚያስታውሱ አስቀድመው እንዲገምቱ ተጠየቁ። የተማሪው ስልት ከግምቱ ጋር ተዛምዶ ነበረው፤ ወደ እይታ የሚያዘነብለው ሥዕሉን የበለጠ እንደሚያስታውስ ገመተ። ካስታወሰው ጋር ግን ስልቱ አልተዛመደም። ምርጫችን የሚነግረን እንግዲህ የቱ እንደሚቀለን ነው፤ የቀለለንን ነገር ደግሞ የገባን ይመስለናል። የሮዲገርና የካርፒኪ ተማሪዎችም የዚሁ ምስክሮች ናቸው፦ ደጋግመው ያነበቡት ወደፊት እንደሚያስታውሱ ይበልጥ ተማምነው ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ያነሰውን ያስታወሱትም እነሱ ናቸው። ተማሪ «በዚህ ዘዴ ሳጠና ይገባኛል» ሲል የሚዋሽ አይደለም፤ የሚናገረው ስለ ስሜቱ ነው፤ ስሜቱ ግን የፈተናው ቀን ውጤት መለኪያ አይሆንም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱም ከማስረጃ ይልቅ ከሰብአዊነት ጋር የተያያዘ ነው። «አንተ ደካማ አይደለህም፣ የተማርክበት መንገድ አልስማማህ ብሎ ነው» የሚለው ቃል ለወደቀ ተማሪ መጽናኛ ነው። መጽናኛውን መንፈግ አልሻም፤ የሚያስፈራኝ ግን ወደ አጥር መለወጡ ነው። «እኔ የንባብ ሰው አይደለሁም» ብሎ ራሱን ያሳመነ ተማሪ በመጀመሪያው አስቸጋሪ ምዕራፍ ላይ መጽሐፉን ይዘጋል፤ ለመዝጋቱም ሳይንሳዊ የሚመስል ምክንያት ይዟል።

ለመምህሩ የሚተርፈው

ተማሪዎች አንድ ዓይነት ናቸው የሚል ሰው ይህን ጉዳይ አላነበበም። የሚለያዩባቸው፣ መምህርም ሊያስተውላቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ትልቁ ቀድሞ ያለ እውቀት ነው። ጆን ስዌለርና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት፣ ለጀማሪ እጅግ የሚጠቅመው በዝርዝር የተሠራ ምሳሌ፣ ርዕሱን ለሚያውቀው ተማሪ ሸክም ሊሆን ይችላል። በአናቶሚው ክፍል የህዋስን አሠራር ቀድሞ የተማረውና ያልተማረው ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ሁለቱን የሚለያቸው ይህ እንጂ ዓይንና ጆሮ አይደለም። የማየት ወይም የመስማት ጉዳት፣ ወይም እንደ ዲስሌክሲያ ያለ የንባብ ችግር ያለበት ተማሪም የተለየ ድጋፍ ይገባዋል፤ ያ ግን ፍላጎትና መብት ነው፣ «ስልት» ተብሎ ከምርጫ ጋር ሊደባለቅ አይገባም።

ትምህርትን በተለያየ መንገድ ማቅረብም ከዚህ ጋር አይጣላም። የፊኛውን ህብረ ህዋስ በቃል ማስረዳት፣ በንድፍ ማሳየትና በናሙና ማለማመድ መልካም ነው። መልካም የሚሆነው ግን ቃሉ ለአንዱ፣ ንድፉ ለሌላው፣ ናሙናው ለሦስተኛው ስለተመደበ አይደለም፤ ሁሉም ተማሪ ሦስቱንም ስለሚፈልግ ነው። ንድፉ ምን መፈለግ እንዳለበት ያሳየዋል፣ ቃሉ ለምን እንደተለጠጠ ይነግረዋል፣ ናሙናው ደግሞ ንድፉ የደበቀውን መዛባት ያለማምደዋል።

ጆን ዱንሎስኪና ባልደረቦቻቸው በ2013 አሥር የጥናት ዘዴዎችን ሲገመግሙ ከፍተኛ ጠቀሜታ አላቸው ያሏቸው ሁለት ናቸው፦ ራስን መፈተንና ጥናትን በጊዜ ከፋፍሎ ማካሄድ። ማስመርና ደጋግሞ ማንበብ ዝቅተኛ ጠቀሜታ ካላቸው ተርታ ተመድበዋል። ለአናቶሚው ኮርስ ይህ ሲተረጎም፣ ቨርቹዋል ማይክሮስኮፑን በፈተናው ዋዜማ ለረጅም ሰዓት ከመክፈት ይልቅ በየሳምንቱ ለጥቂት ጊዜ መክፈት፣ በከፈቱ ቁጥርም ያለፈውን ሳምንት ናሙና ከአዲሱ ጋር ማደባለቅ ማለት ነው። መምህሩ ይህን ለተማሪው ፈቃድ ብቻ መተው የለበትም፤ ከአናቶሚው ክፍል እንደታየው ምክር ብቻውን ልማድን አይነቅልም። በየሳምንቱ መጀመሪያ ስም ያልተጻፈባቸው ሁለት ወይም ሦስት ናሙናዎችን በስክሪን ላይ አሳይቶ፣ ተማሪው ምን እንደሆኑና በምን እንዳወቃቸው በወረቀት እንዲጽፍ ማድረግ ይቻላል፤ ነጥብ ባይያዝበትም።

መጠይቁን መስጠት የሚፈልግ መምህር ቢሰጥ ጉዳት የለውም፤ ፍሌሚንግ እንዳሰቡት ወሬ መጀመሪያ ይሆንለታል። ወሬው የሚጠቅመው ግን የመጀመሪያው ፈተና ታርሞ ከተመለሰ በኋላ፣ ወረቀቱ ፊት ለፊት ተዘርግቶ ሲካሄድ ነው፦ የተሳሳትከው የትኞቹ ላይ ነው፣ ስሙን ረስተህ ነው ወይስ ምስሉን ሳትለየው ቀርተህ፣ ስታጠና ስንቱን ናሙና ስሙ ተሸፍኖ አይተኸዋል፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸውስ መቼ ነበር?